ዓይነ አፋር ነኝ ብዬ ኖሬ

አንባቢዬ፣ ዓይነ አፋር ነህ ተብለህ ታውቃለህ? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ተብያለሁ፤ አምኜም ኖሬያለሁ። ስለ ሰው ጠባይ ሠልጥና የተመለሰችው የእህቴ ልጅማ የጠባይ መለያ ቅጽ አስሞልታ አረጋገጠችልኝ፤ «አክስቴ፣ እርስዎ ዝምተኛና ታዛዥ ዓይነት ነዎት።»

በሳምንቱ ያለችኝን አንዲት ላም፣ አፋሮች ግመል ይዘው በሚመጡበት በሰንበቴ ገበያ ለሽያጭ አቆምኩ። ደላላውና ነጋዴው በጋቢ ሥር እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ በጣት ዋጋ ቆረጡ። እኔን ማን ጠየቀኝ? ደላላው በአንድ እጁ የላሚቱን ገመድ መሳብ ሲጀምር፣ ጋቢውን ከእጃቸው ላይ ገፈፍኩት።

«የማንን ላም ነው የምትሸጡት? በአፋችሁ ተናገሩ፤ እኔም ልስማ!»

ገበያተኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ የአፋር ግመሎች እንኳ ማመንዠካቸውን ያቆሙ መሰለኝ።

«ወላሂ እናቴ፣ ዝምተኛ ይመስሉኝ ነበር» አለ ደላላው።

«እኔም ይመስለኝ ነበር» አልኩና ገመዱን ከእጁ ተቀበልኩ።