ሪባኑ አልዞር ያለ ቀን

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር፤ አምቦ በአንድ መሥሪያ ቤት የሙከራ ጊዜዬን ያልጨረስኩ ታይፒስት ነበርኩ። እናንተዬ፣ ችግራችሁን ስትነግሩት ችግሩን ትቶ እናንተን የሚመረምር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኛ ታይፒስቶች የጽሕፈት መኪናችን ሲበላሽ በስልክ እንጠያየቅ ነበር። ጊንጪ ስልክ ቤት የምትሠራው አክስቴ ሁላችንንም በአንድ መስመር ታገናኘን ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት የመኪናዬ ሪባን፣ ያ ቀለም የነከረው ጥብጣብ፣ አልዞር አለ። የጀመርኩት ሪፖርት ለከሰዓቱ አውቶቡስ ካልደረሰ ከሥራዬ መሰናበቴ ነው። አክስቴ ጋ ደወልኩና መስመሩ ላይ ላሉት ሁሉ ችግሬን ነገርኳቸው።

«በዚያ አሮጌ መኪና ማን ጻፊ አለሽ?» አሉ የጊንጪው ኦቦ ለሚ።

«የተሰጠኝ እሱ ነዋ፣ ኦቦ!»

«ይህ እኮ ባለፈው ተጠይቋል» አለች የጉደሯ ታይፒስት።

«መልሱስ?»

«እሱን እንኳ አልሰማሁም።»

«የእኔ ተበላሽቶ አያውቅም» አለ ሌላው። ይመስገን!

በመሃል የእንጭኒዋ ጫልቱ «የሪባኑን ጥቅሎች ግራና ቀኝ አቀያይ…» ስትል፣ ኦቦ ለሚ ስለ መኪና አያያዝ ንግግር ጀመሩ። እንዲህ ያለ ንግግር በቀበሌ ስብሰባ ላይ እንኳ አልሰማሁም። ድካሙ እስካሁን ትከሻዬ ላይ አለ።

ሁሉን ስታዳምጥ የቆየችው አክስቴ የሁሉንም መስመር ነቀለች። እኔንና ጫልቱን ብቻ አገናኝታ ምሳዋን ልትበላ ሄደች።