ዘር የሌለው ወይን

አማርኛ ያን ሁሉ ቃል ይዞ፣ «ዘር» በምትባል አንዲት ቃል ላይ የስንዴውንም፣ የትውልዱንም፣ የጠቡንም ሸክም ለምን እንደጫነባት አላውቅም። የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ዕፅዋት ስማር ዘር ማለት ዘር ነበር። አገሬ ስመለስ ሌላ ሆኖ ጠበቀኝ።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ከኮሶዬ ቁልቁል፣ ብርዱ ለዘብ በሚልበት ተዳፋት ላይ የወይን ቦታ ነበራቸው። ጥቁሩ ወይን ፍሬው ደቃቅ ነው፤ ደርቆ ዘቢብ ይሆንና ለቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ነጩ ውሃ ይበዛዋል፤ የቤታችን ወይን ጠጅ የሚጣለው ከእሱ ነው። ሐረጉን የምገርዘው፣ ዳሱን የማቆመው እኔ ነበርኩ። አባቴ ግን ሲናዘዙ ቦታውን በሞላ ለታናሽ ወንድሜ ለካሴ አወረሱት። «ካሴ ልጆች አሉት። ይርዳው ዘር የለውም፤ ዘር ለሌለው ሰው መሬት ምን ያደርግለታል?» አሉ፤ ይርዳው እኔ ነኝ። ለእኔ ምርቃት ደረሰኝ። አንዱን ምርቃት ከዩኒቨርሲቲ፣ ሌላውን ከአባቴ አገኘሁ፤ በሁለቱም ላይ አንዲት ሐረግ አይተከልም።

ካቻምና ካሴ አስጠራኝ። ነጩ ወይን አርጅቷል፤ የጎንደር ሆቴሎችም ሌላ ዓይነት መፈለግ ጀምረዋል። የአዲሱን ቅርንጫፍ ከሩቅ አስመጥቶ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎታል፤ በአሮጌው ግንድ ላይ ማጣበቁን የሚያውቅበት ግን ከእኔ በቀር የለም።

«አያ፣ ሸጋ ወይን እኮ ነው! ዘር የሚባል የለውም። ሰው ሁሉ የሚሻማው በእሱ ነው።»

«ምነው ታዲያ በእኔ አልተሻማችሁ?»

«አንተ ደግሞ ሁልጊዜ ነገር መዝራት ነው!»

«ዘሩን ከየት አምጥቼ?»

ሚስቱ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። እኔ እየቀለድኩ አልነበረም። «አንዱን መደብ ለእኔ አድርግልኝና ልሥራልህ» አልኩት።

«መሬቱ የልጆቹ ነው፣ አያ። እኔ ምን ሥልጣን አለኝ?»

ከልጆቹ አንዱም ወይን ሲገረዝ ቆሞ አይቶ አያውቅም። ጥዬው መሄድ ነበረብኝ። ግን በጆንያ የተጠቀለለ ቅርንጫፍ የሰው ኩርፊያ እስኪያልፍ አይጠብቅም፤ ይደርቃል። ቢላዬን አወጣሁ።

ያዘ። ዘንድሮ ሐረጉ እስኪጎብጥ አፈራ። ገዢዎች የዓይነቱን ስም ሲጠይቁት፣ የባዕዱ ስም ከአፉ አልገባ ያለው ካሴ ባጣበቀው ሰው ስም ጠራላቸው። ባለፈው ቅዳሜ በአምባ ጊዮርጊስ ገበያ ሳልፍ አንዲት ሴት ከኋላዬ «አንድ ኪሎ ይርዳው!» ስትል ደንግጬ ዞርኩ።

«ይርዳው ይጣፍጣል ግን?» ትላለች ጓደኛዋ።

«ቅመሽዋ!»

የሰውን ስም የሚያስጠራው ልጁ ነው ይባላል። የእኔን ያስጠራው ፍሬ ውስጡ ባዶ ነው፤ የቆመውም በሰው መሬት ላይ። ካሴን ልክሰሰው ወይስ ላመስግነው፣ ገና አልለየልኝም። እስኪለይልኝ ድረስ እኔም ተራዬን ጠብቄ አንድ ኪሎ ራሴን ገዛሁ።