በአስካል ጓዳ የተተከለው ፕሮግራም

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ አዲስ ዕቃ ገዝታችሁ ቤት ስትገቡ መጀመሪያ የምትጥሉት ምኑን ነው? መመሪያውን አይደል? ዕቃው እምቢ ያለ ቀን ደግሞ ያንኑ ወረቀት ፍለጋ ቆሻሻ ትገለብጣላችሁ። አልፈርድባችሁም፤ እኔም እንደ እናንተው ነበርሁ። መመሪያውን ጠቅልሎ አገሩ የገባ ሰው እስኪገጥመኝ ድረስ ማለቴ ነው።

በደርግ መጨረሻ ግድም ዳንግላ፣ አንድ የምርጥ ዘር ፕሮጀክት ቢሮ ውስጥ እሠራ ነበር። ቢሮው ኮምፒዩተር ነበረው። ዛሬ የምታውቁት ዓይነት እንዳይመስላችሁ፤ ጠረጴዛውን ሙሉ የያዘ፣ ሥዕል የማያሳይ፣ ጥቁር መስኮት ላይ ትእዛዝ በፊደል እየጻፉ የሚያሠሩት ግዙፍ ነገር ነው። ትእዛዞቹን የሚያውቀው ከውጭ የመጣው ባለሙያ ብቻ ነበር። ውሉ አለቀና መመሪያውን ጠቅልሎ ሄደ። የተወልን አንድ ክምር ወረቀት ነው፤ የትእዛዝ ስም ሲጽፉለት ምን እንደሚሠራና እንዴት እንደሚጻፍ የሚያስረዳ ፕሮግራም፣ ከነማብራሪያዎቹ በወረቀት ላይ ታትሞ። ጥሩ ነገር ነው። ግን ወረቀት ነው። እንዲሠራ ከተፈለገ ፊደል በፊደል ኮምፒዩተሩ ውስጥ መጻፍ፣ መሣሪያው ወደሚገባው ቋንቋ መለወጥ፣ ከዚያም መትከል ያስፈልጋል።

በዚያው ሰሞን የድንች ዘር መጋዘን ውስጥ ተከምሮ ነበር። ለየትኛው የገበሬ ማኅበር ምን ያህል እንደሚሰጥ የሚያውቀው ኮምፒዩተሩ ነው፤ እንዴት ታዞ እንደሚያትመው የሚያውቅ ግን የለም። ገበሬዎቹ ፈረሳቸውን አጥሩ ላይ አስረው ደጃፋችን ይውላሉ። አንድ ሽማግሌ በመስኮት ብቅ ብለው፣ «ልጄ፣ ሰማዩ ከብዷል፤ ዘሩ እዚያው መጋዘን ሊበቅል ነው እንዴ?» አሉኝ።

«አንተ አንብብልኝ፣ እኔ ልምታ» አለች አስካል፣ የወረቀቱን ክምር እያነሣች።

አስካል የቢሮው ታይፒስት ናት። ጴንጤ በመሆኗ ስሟ ከስብሰባ አይጠፋም፤ የጸሎት ቤታቸውም ከታሸገ ቆይቷል። እኔ እንግሊዝኛውንና ምልክቱን እየጠራሁ፣ እሷ ጣቶቿን እንደ ዝናብ እያወረደች ጀመርን። የፖለቲካ ኃላፊያችን ጓድ ደምሴ ከተፍ አሉ።

«ማን ፈቀደላችሁ?»

«ሥራው» አለች አስካል ቀና ሳትል።

«ምን የሚያደርግ ነገር ነው?»

«ትእዛዝ ያብራራል፣ ጓድ።»

ፊታቸው ተለዋወጠ። «ትእዛዝ ይፈጸማል እንጂ ይብራራል እንዴ? አሁኑኑ ይቁም!»

«ጸሎት ቤቴን አሽጋችሁብኛል» አለች፣ ድምፅዋን እንኳ ከፍ ሳታደርግ። «ይኼን ግን አልዘጋም። ውጭ የቆሙትን ሰዎች እርስዎ ያናግሩልኝ።»

በዚያ ዘመን በዚህ ዓይነት መልስ ማደሪያ የቀየረ ሰው ብዙ ነው። ጓድ ደምሴ ግን በመስኮቱ ወደ ገበሬዎቹ ተመልክተው በሩን ወርውረውት ወጡ።

ስንመታ አድረን ጠዋት ጨረስንና ኮምፒዩተሩን ወደ ራስህ ቋንቋ ለውጠው አልነው። ስሕተት በስሕተት አደረገን። ስክሪኑ ሙሉ ስድብ እስኪመስል ድረስ ተዘረገፈ። ስንፈትሽ፣ ከላይ አካባቢ አንዲት ድርብ ሰረዝ ዘለናል፤ ለካ የቀረው ሁሉ የእሷ መዘዝ ኖሯል! እሷን ስንጨምር ዝም አለ። የኮምፒዩተር ዝምታ ደግሞ እሺታ ነው።

ቀሪው መትከሉ ነው። ሠራተኛ ሁሉ በሚደርስበት ዋና ቦታ ለመትከል የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ቃሉ ያለው ጓድ ደምሴ ዘንድ ነው። ለእያንዳንዳችን ግን መሣሪያው ውስጥ የግል ቦታ ተሰጥቶናል፤ ጓዳ በሉት። ጓድ ቢከለክለን ጓዳ ገባን። አስካል በራሷ ቦታ ተከለችውና ለሌሎቹ ሠራተኞች በሩን ከፈተችላቸው። የማተሚያውን ትእዛዝ ጠየቅነው፤ ነገረን። ከቀትር በፊት ዘሩ በፈረስ ተጭኖ ወጣ።

እኛም አላረፍን። ማብራሪያዎቹን ሁሉም እንዲረዳቸው በአማርኛ ጻፍናቸው፤ መሣሪያው የእኛን ፊደል ስለማያውቅ በፈረንጅ ፊደል።

ጓድ ደምሴ ግን ያኔ ኮሶበር እንላት ወደነበረችው እንጅባራ አስካልን አዛወሯት። እዚያ ኮምፒዩተር የሚባል የለም። ሻንጣዋን አንጠልጥላ፣ «እንዳታስነካው» ብላኝ ተሳፈረች።

ብዙ ሳይቆዩ ጓድ ደምሴ መጡ። «ያን ነገር አጥፋው።»

«እኔ አላጠፋም።»

አፈጠጡብኝ፤ እኔም አየኋቸው። ወንበሩን ስበው ራሳቸው ተቀመጡ። ቁልፎቹን ቢያዩ፣ ቢያዩ…

«የማጥፊያው ትእዛዝ ምንድን ነው?»

«እሱን ይጠይቁት» አልኋቸው፣ ወደ ስክሪኑ እያመለከትሁ።

ሌላ ምን አማራጭ አላቸው? ጠየቁት። አማርኛውን በባዕድ ፊደል እየቆጠሩ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡ። አስካል የጻፈችው ነው፦ «ይህ ትእዛዝ ያጠፋል። የጠፋው አይመለስም። ከማጥፋትዎ በፊት፣ ነገ የሚፈልገው ሰው እንዳለ ያስቡ።»

ማጥፊያውን አልጻፉም። ከዚያ ሌላ ትእዛዝ ጠየቁ። ከዚያም ሌላ። አንዱ ላይ ማብራሪያው ባዶ ሆነባቸው።

«ይኼኛውስ ለምን አልተጻፈም?»

«የምትጽፈውን ሰው እርስዎ ወደ ኮሶበር ልከዋታል» አልኋቸው። «የመመለሻ ደብዳቤዋን ዛሬ ቢፈርሙ በነገው አውቶቡስ ትደርሳለች።»

እስክሪብቶ ፍለጋ ኪሳቸውን ሲዳብሱ፣ የራሴን አውጥቼ አቀበልኋቸው።