እትዬ ፖምፍሬት ይቃወማሉ

ሦስት ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ አንዱ ተቃዋሚ ነው። ዕድሜ ልኬን አሰላስዬ እርግጠኛ የሆንኩበት እውነት ይህ ብቻ ነው። ለእኛ ለእንግሊዝ አገር ሊድስ ከተማ ሰዎች የደረሱን ክብርት ወይዘሪት ኦጋስታ ፖምፍሬት ነበሩ፤ ሴቶች በምርጫ ድምፅ እንዲሰጡ የሚታገል ማኅበር ጸሐፊ።

ሻዩ ከቀጠነ፣ «እቃወማለሁ! ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈርልኝ።» ጸሎቱ ከረዘመ፣ «እቃወማለሁ!» ለሊቀመንበርነት ሲታጩም እጃቸውን አውጥተው ራሳቸውን ተቃውመዋል።

አብልጠው የሚቃወሙት ግን ባለቤቴን ሊዲያን ነበር። ሊዲያ ለዚያው መብት ሲሉ መስኮት ከሚሰብሩት ወገን ነበረች።

«ድንጋይ መወርወር የጎረምሳ ሥራ ነው!»

«እትዬ፣ እርስዎስ ሃያ ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ጽፈው ማን መለሰልዎት?»

«ዝም ያሉኝ በጨዋ ደንብ ነው!»

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ሁለት ዓመት በፊት እትዬ በር ለበር ዞረው ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ፊርማ ሰበሰቡ። ተቃውሟቸው እንደተጠበቀ ሆኖ ሊዲያንም አስፈረሙ። አቤቱታውን ለፓርላማ ብለው መንገድ ዳር ካለው የፖስታ ሣጥን ከተው ገና ዞር ከማለታቸው፣ ሊዲያ መጥታ በዚያው ቀዳዳ አንድ ብልቃጥ ቀለም ገለበጠችበት። ያን ሰሞን የእነሊዲያ ዘመቻ በፖስታ ሣጥን ላይ ነበር፤ ውስጡ የማን ድካም እንዳለ አላወቀችም። ቀና ስትል ዐይን ለዐይን ተገጣጠሙ።

በማግስቱ እትዬን ልለምናቸው ሄድኩ። ሊዲያ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ከመሰከሩባት ወህኒ ነው፤ ወህኒ ከገባች ደግሞ እንደ ጓደኞቿ በተቃውሞ እህል እንደማትቀምስ አውቃለሁ። አፌን ሳልከፍት የፖሊስ መርማሪው ገባ። እትዬ ደግሞ ዋሽተው አያውቁም።

«ወይዘሪት፣ ያደረገችውን ሴት አይተዋታል?»

«አሳምሬ!»

መርማሪው ማስታወሻውን ገለጠ።

«እንግዲያው ቃልዎን ይስጡኛ።»

«እቃወማለሁ! መንግሥትዎ ድምፅ የለሽም ብሎኛል። ድምፅ የሌላት ሴት በምኗ ቃል ትሰጣለች? ድምፄን ሲሰጡኝ ቃሌን ይወስዳሉ። ይጻፉት!»

ሰውዬው የተባለውን ጽፎ ወጣ።

ሊዲያን ግን አልማሯትም። «ተነሺ! ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ፊርማ ይጠብቅሻል!» ክንድ ለክንድ ተያይዘው፣ በየደጃፉ እየተጨቃጨቁ፣ ፊርማውን እንደ አዲስ ሊሰበስቡ በዝናብ ዞሩ። ከሁለቱ ልክ የነበረችው ማን ናት? ሠላሳ ዓመት አስቤበት አልደረስኩበትም። የማውቀው ልጄ በወህኒ ሳይሆን በእናቷ አልጋ ላይ መወለዷን ነው። ስሟን ኦጋስታ አልናት፤ እሱንም ተቃውመው ነበር።

ባለፈው መጋቢት ቀበርናቸው። ቄሱ፣ «እንግዲህ በሰላም እናሰናብታቸው» ሲሉ ሊዲያ ከፊት ወንበር ብድግ አለች።

«እቃወማለሁ» አለች። «ይስፈርልኝ።»