ጋሽ ግን እና ኪስ የሌላት ጀግና

የትኛውም መሥሪያ ቤት ብትገቡ፣ የትኛውም ሰፈር ብትከራዩ፣ «ጥሩ ነው፣ ግን…» የሚል አንድ ሰው አታጡም። ሠርጋችሁ ላይ ይመጣል፤ ሙሽራዋን አይቶ «ታምራለች፣ ግን ወንበሩ አነሰ» ብሎ ይቀመጣል። ቤት ሠርታችሁ ብታስጎበኙት «ጥሩ ነው፣ ግን በሩ ወደ ውጭ ቢከፈት ኖሮ» ይላል፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ እናንተም በሩን በከፈታችሁ ቁጥር ትናደዳላችሁ። ይህ ሰው ሞቶ ቢነሣ እንኳ ዘመዶቹን ከማቀፉ በፊት የሣጥኑ ማጠፊያ ላልቷል ብሎ አናጢውን ያስጠራል።

ለአንዲት ሠዓሊ የደረሷት የዚህ ዘር ሁሉ አለቃ ነበሩ፤ ሥራዋ የሚታተምበት ማተሚያ ቤት የማሽን ክፍል ኃላፊ፣ ክቡር ጋሽ ግን። ስሙን ያወጡላቸው የክፍሉ ሠራተኞች ናቸው። ፊት ለፊት «ጋሼ» ይሏቸዋል፤ ዞር ሲሉ ሙሉ ማዕረጋቸውን ይመልሱላቸዋል። መነጽራቸው ከግንባራቸው፣ ቀይ እስክሪብቷቸው ከጆሯቸው አይለይም። ሁሉም በማሽኑ ጩኸት ጆሮው በደነቆረበት ክፍል ውስጥ፣ አንዲት ነጥብ ከቦታዋ ስትዛነፍ ድምጿን የሚሰሙ ይመስላሉ።

ሠዓሊዋ በየሁለት ወሩ የሚወጣ የልጆች ኮሚክ ትሠራለች። ጀግናዋ መላ ትባላለች፤ ዕድሜዋ አሥራ አንድ ነው። አትበርም፣ ግድግዳም አታፈርስም። መዳፏን የጫነችበት ማሽን ሁሉ ምን እንደሚያመው ይነግራታል፤ የቀረውን በጭንቅላቷ ትወጣዋለች። ከተማዋን ከጎርፍ አድናለች፣ ከጨለማ አድናለች፣ ሁለት ፎቅ መሃል ላይ ከቆመ ሊፍት ሰባት ሰው አውጥታለች። ልጆች ይሞቱላታል። ጋሽ ግንም ይወዷት ይሆናል፤ ማስረጃ ግን አልተገኘም።

ችግሩ የማተሚያ ቤቱ ደንብ ነው። ማንኛውም ሥራ ማሽን ላይ ከመውጣቱ በፊት የሙከራው ቅጂ ላይ ሁለት ሰው ይፈርማል፤ ባለቤቱና የማሽን ክፍል ኃላፊው። የኃላፊው ፊርማ «ቀለሙ ልክ ነው፣ ኅዳጉም ልክ ነው» ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ሌላ ቦታ ያሉ ኃላፊዎች የሻይ ብርጭቋቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ ይፈርማሉ። ጋሽ ግን ወንበር ስበው ይቀመጡና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው ያነባሉ።

በመጀመሪያው እትም መላ የውሃ ፓምፕ ጠገነች። ጋሽ ግን ሦስተኛው ገጽ ላይ ቆሙ።

«ጥሩ ነው፣ ግን ይህን ብሎን ወዴት ነው የምታዞረው?»

«እያጠበቀችው ነዋ፣ ጋሼ።»

«እጇን እዪው። እያላላችው ነው። ፓምፑ አሁን ይፈነዳል። ዳኑ ብለሽ የሳልሻቸው ሰዎች በሙሉ ረጥበዋል።»

«የልጆች መጽሐፍ እኮ ነው።»

«ለዚያ ነው የምልሽ። ትልቅ ሰውማ መሳሳት ለምዷል።»

የመላን እጅ እንደገና ሳለችው። በሁለተኛው እትም የደብተር ቦርሳው አንዱ ሥዕል ላይ በቀኝ ትከሻ፣ ቀጥሎ ያለው ላይ በግራ ተገኘ። «ጣሪያ ለጣሪያ እየሮጠች ነው ወይስ ቦርሳ እያቀያየረች?» አሉ። በሦስተኛው መላ በአንድ ጠዋት ሁለት ጊዜ ቁርስ ስትበላ እጅ ከፍንጅ ያዟት። በአራተኛው ደግሞ የኪሱ ጉዳይ መጣ።

«ጥሩ ነው፣ ግን ካቻቪቴው ከየት መጣ?»

«ከኪሷ ነዋ።»

«ከየቱ ኪስ?»

ሠዓሊዋ ሥዕሉን አየችው። አራት እትም፣ መቶ ሃያ ስምንት ገጽ፣ ቀሚሱ አንድም ኪስ አልነበረውም።

«ልዕለ ጀግና እኮ ናት፣ ጋሼ» አለች በመጨረሻ።

«ልዕለ ጀግናም ብትሆን ዕቃዋን የምትይዝበት ያስፈልጋታል።»

በአምስተኛው እትም መላ ሁለት ሰፋፊ ኪሶች ይዛ ብቅ አለች። አንባቢዎቹ አበዱላት፤ እናቶች የልጆቻቸው ቀሚስ ላይ ኪስ ማሰፋት ጀመሩ ተባለ። ሠዓሊዋም ለጠየቃት ሁሉ፣ ብዙ አስባበት ያመጣችው ነገር መሆኑን አስረዳች።

ስድስተኛው እትም ላይ ምንም የሚነቀፍ አልነበረም። አሥር ጊዜ አይታዋለች፤ ብሎኑን ቆጥራለች፣ ቦርሳውን አስራለች። ጋሽ ግን አንብበው ጨረሱ፣ ፈረሙ፣ እስክሪብቶውን ጆሯቸው ላይ መልሰው ሰኩ። እሷም ተነሥታ በሩ ጋ ደርሳ ነበር።

«ይቺ ልጅ» አሉ ከኋላዋ፣ «ቀኑን ሙሉ ከተማ ስታድን ትውላለች። ጥሩ ነው፣ ግን የቤት ሥራዋን መቼ ነው የምትሠራው?»

ሠዓሊዋ ቤቷ እስክትደርስ ብቻዋን እያወራች ሄደች። ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ወረቀት ዘረጋችና የሰባተኛውን እትም ክፉ ሰው ሳለችው። ጌታ እንከን አለችው። መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነው፤ ከጆሮው ላይ የሚመዝዘው ቀይ እስክሪብቶ አለው፤ በእስክሪብቶው ጫፍ እንከን ያወጣለት ነገር ሁሉ ባለበት ይቆማል። ድልድይ ጠማማ ነህ ተብሎ ይዘጋል፣ ሰዓት ዘገየህ ተብሎ ይቆማል፣ መንገድ ላይ የሚዘፍን ልጅ ዜማው ተሰበረ ሲባል አፉን እንደከፈተ ይቀራል። ዓመት ሙሉ እንደዚያ ቀን ተደስታ ሠርታ አታውቅም። ጢሙን ስትስል ታፏጭ ነበር።

የረሳችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኮሚኩን ከሁሉ በፊት የሚያነበው ማን እንደሆነ።

ያስታወሰችው ዓርብ ጠዋት፣ የሙከራው ቅጂ ጋሽ ግን እጅ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ቀኑ ደግሞ ከቀን ሁሉ የከፋ ነበር። አሳታሚው በዚያው ሳምንት ጠርቶ እቅጩን ነግሯታል። «ሰኞ ትምህርት ቤት ይከፈታል። ሰኞ ጠዋት ኮሚኩ በየትምህርት ቤቱ በር ላይ ካልደረሰ መላን እንሰናበታታለን። ሁለት ጊዜ ዘግይተሻል» አላት። ሁለቱንም ጊዜ ማን እንዳዘገያት ለመናገር አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። መላ ከሌለች የሚጠብቃት ድሮ የተወችው ሥራ ነው፤ የብስኩት ማሸጊያ ላይ የሚስቅ ብስኩት መሳል። ማሽኑ የተያዘላት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። ከዚያ የአንድ ነጋዴ ካላንደር ይገባል።

ጋሽ ግን አምስተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። ጌታ እንከንም እዚያው ገጽ ላይ መነጽሩን ከግንባሩ እያወረደ ነበር። ሁለቱ ተያዩ። ማሽኑ ላይ ቀለም የሚሞላው ሠራተኛ አንገቱን አስግጎ አየና እያሳለ ወጣ።

ሠዓሊዋ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት ነበር፤ የተከፈተው ስድስተኛው ገጽ ብቻ ነው።

እስከ መጨረሻው አነበቡት። ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አድርገው አስተካከሉ።

«ጥሩ ነው» አሉ። «ግን ይሄ ሰውዬ እንዲህ በቀላሉ አይሸነፍም።»

«ምን አሉኝ?»

«መላ ጮኸችበት፤ ደንግጦ ሸሸ። ሃያ አምስት ገጽ ሙሉ ከተማ ሲያቆም የኖረ ሰው አንዲት ልጅ ስለጮኸችበት ይሸሻል? እኔ አልሸሽም።» መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው መለሱ። «ማለቴ፣ እሱ አይሸሽም።»

የሠዓሊዋ ጆሮ ጋለ። «ጋሼ፣ ይሄ ማለት… እርስዎን ለማለት ሳይሆን…»

«ጢሙ ጥሩ ሆኗል፤ እሱን አትንኪው። እኔ የምልሽ መጨረሻውን ነው። ብልህ ናት ብለሽ ስድስት እትም አምጥተሽ፣ አሁን በጩኸት አሸነፈች ትይኛለሽ። ለመጮህማ ብልህነት ምን ይሠራል? እዚህ ቤት የሚጮህ ሞልቷል።»

«ጊዜ የለኝም። ዛሬ ካልታተመ ሰኞ አይደርስም፤ ሰኞ ካልደረሰ ኮሚኩ ይዘጋል። ይፈርሙልኝ፣ በሞቴ።»

እስክሪብቶውን ከጆሯቸው አወረዱ። ያዝ አድርገው ቆዩና ለእሷ ዘረጉላት።

«መጀመሪያ ንገሪኝ፤ እንዴት ነው የሚሸነፈው?»

ያን ጊዜ ትዕግሥቷ አለቀ። «እርስዎ ይንገሩኛ። ምን ቢደረግ ነው ዝም የሚሉት?»

ጋሽ ግን አልተቆጡም። ግድግዳውን እያዩ አሰቡ፤ ለጥያቄው ጥሩ መልስ ለመስጠት ጊዜ እንደሚፈልግ ሰው።

«‹እሺ፣ ና አንተ ሥራው› የሚለኝ ቢኖር» አሉ።

ሠዓሊዋ ቆማ አየቻቸው። ከዚያ ወንበሩን ሳበችና ተቀመጠች። የመጨረሻዎቹን ሁለት ገጾች ወዲያ ጥላ በአዲስ ወረቀት ጀመረች። መላ መዳፏን ቀዩ እስክሪብቶ ላይ ጫነች፤ ምን እንደሚያመው ሰማች፤ ከሰፊው ኪሷ ካቻቪቴውን አውጥታ ለጌታ እንከን ሰጠችው። ድልድዩ ጠማማ ነው ብሎ ያቆመው ሰውዬ እጅጌውን ሰብስቦ ሊያቃናው ከሥሩ ገባ።

አምስት ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጁ የማሽኑ ድምፅ ሲጠፋበት መጣ።

«ጋሼ፣ ማሽኑ ለምን ቆመ?»

«ተበላሽቷል» አሉ ጋሽ ግን።

ሠዓሊዋ እርሳሷን አቆመች። ይህ ሰው ነጥብ ሲዛነፍ ምሳ የማይበላ ሰው ነው። ማሽኑ ምንም አልሆነም፤ እሷ ታውቃለች፣ ቀለም የሚሞላው ሠራተኛ ያውቃል፣ መዳፍ የሚጭንበት ቢኖር ማሽኑ ራሱ ይመሰክር ነበር።

«ምኑ ነው የተበላሸው?»

«እያየሁት ነው።»

«ካላንደሩስ? ስድስት ሰዓት ላይ ሰውዬው ይመጣል።»

«እሱንም አይቼዋለሁ። አንዱ ወር ሠላሳ ሁለት ቀን አለው። ይጥሩት፣ አስተካክሎ ይምጣ።»

ሁለተኛው እውነት ነበር። ሥራ አስኪያጁ ጭንቅላቱን ይዞ ስልክ ሊደውል ሄደ። ጋሽ ግን ወደ ሠዓሊዋ ሳያዩ «ምን ታይኛለሽ? ሳዪ» አሉ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁለቱም ፈረሙ። ማሽኑ እስኪመሽ ሠራ፤ ቅዳሜ ታጠፈ፣ ተሰፋ። ሰኞ የመጨረሻው እሽግ ትምህርት ቤት በር ላይ የደረሰው ሁለተኛው ደወል ሲደወል ነበር። እሽጉ ሳይፈታ ልጆቹ ተራ ይዘው ጠበቁ።

ረቡዕ ዕለት አሳታሚው ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበላት። ስምንተኛውን ሥሪ አላት፤ ዘጠነኛውንም አስቢበት። «ማተሚያ ቤቱን ግን እንቀይራለን። ከተማው ዳር ላይ አንድ አዲስ ተከፍቷል፤ ጠዋት ሰጥተሽ በማግስቱ ትወስጃለሽ። አንዲት ቃል አይናገሩሽም።»

ዓመት ሙሉ ያለመችው እንዲህ ያለ ቦታ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ ብላ መውጣት ነበረባት።

«ያነባሉ?» አለች።

«ለምን ያነባሉ? ያትማሉ እንጂ።»

«እንግዲያው አይሆንም።»

አሳታሚው ግራ ተጋባ። «ስለዚያ ሽማግሌ ስንት ጊዜ ነው እዚህ መጥተሽ ያማረርሽው?»

«አማርሬያለሁ። አሁንም አማርራለሁ።»

«ታዲያ?»

«እኔ ላማርር እንጂ። ሌላ ሰው ይቀይራቸው አላልኩም።»

«ብትዘገዪ ግን አልታገስሽም፤ ይህን እወቂ።»

«አልዘገይም። ቀድሜ እወስድላቸዋለሁ።»

በማግስቱ የስምንተኛውን እትም ረቂቅ ይዛ ማሽን ክፍል ገባች። ጋሽ ግን ወረቀቱን ወደ መብራቱ አቅርበው አገላበጡት።

«ይሄ ምንድን ነው? ቀለም የለውም።»

«በእርሳስ ነው። እንዲጠፋ ብዬ ነው» አለችና ከቦርሳዋ አዲስ ላጲስ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ፣ በሳቸው በኩል አስቀመጠችው።

ላጲሱን አዩት። እሷን አዩ። ጆሯቸው ላይ ያለውን እስክሪብቶ ነካ አድርገው ተዉት፣ ዞር ብለው ሁለተኛ ወንበር ሳቡ። በሥራ ዘመናቸው ሁሉ የሚሉት ጠፍቷቸው የሚያውቅ አይመስልም ነበር፤ ያን ቀን ጠፋቸው። ዝምታው እስከ ሁለተኛው ገጽ ድረስ ዘለቀ።