የኮንቱ ደብዳቤ በካርድ ክፍሉ መስኮት

እስቲ መጀመሪያ ሳቁና ጨርሱ፤ ከዚያ እነግራችኋለሁ። ዛሬ ከሸዋ ሮቢት ሕዝብ ያልሳቀብኝ እናንተ ብቻ ቀርታችኋል!

ለማታውቁኝ፣ ሐያት እባላለሁ። አንድ የግል ክሊኒክ ካርድ ክፍል ነው የምሠራው። ስም እጽፋለሁ፣ ካርድ እፈልጋለሁ፣ "ወረፋ ጠብቁ" እላለሁ። በቃ።

ከሁለት ወር በፊት ግን ሌላ ሰው ሆንኩ።

እህቴን ልጠይቅ ደብረ ብርሃን ስሄድ፣ መናኸሪያው በር ላይ አሮጌ መጽሐፍ ከሚዘረጉት ጋሼ አንድ ሽፋን የሌለው ወፍራም መጽሐፍ ገዛሁ። ለመንገድ እንዲሆነኝ ብዬ ነው። ጣርማ በር ተራራ ላይ ስንደርስ ጭጋጉ መኪናውን አቆመው። መጽሐፉን አወጣሁና ጀመርኩት።

ፈረንሳይ! ቤተ መንግሥት! አብዮት! ካባውን አጣፍቶ ፈረስ የሚጋልብ ኮንት የሚሉት መስፍን!

ጭጋጉ ሲገለጥ ተሳፋሪው ሁሉ "ተመስገን"፣ "አልሐምዱሊላህ" ሲል እኔ ብቻ ተናደድኩ። ገና ኮንቱ የወይዘሪቷን እጅ ሊስም ነበራ!

ከዚያ ወዲህ ሦስት ጨመርኩ። ሁሉም የፈረንሳይ፣ ሁሉም የድሮ ዘመን፣ ሁሉም ፍቅር። እዚሁ ፔጄ ላይ "የአውሮፓን ታሪክ በልቦለድ እየተማርኩ ነው" ብዬ ፖስት አድርጌ ስንታችሁ ላይክ እንዳደረጋችሁ አልረሳሁም። አላህ ይስጣችሁ። አሁን ላይካችሁን መልሳችሁ ውሰዱ።

ወደ ሰይድ ልምጣ።

ሰይድ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነው። የሽንኩርት ገበሬው ፓምፑ በቆመበት ቁጥር ወደ እሱ ነው የሚሮጠው። ጥሩ ሰው ነው፤ ከአረፋ በኋላ ሽማግሌ እልካለሁ ብሎኛል። ችግሩ ወሬው ላይ ነው። "ምሳ በላሽ?" ይላል። "ሙቀቱ ዛሬ ባሰ አይደል?" ይላል። አለቀ!

ኮንቱን ያወቀች ሴት ይሄ እንዴት ይዋጥላት?

"ሰይድ፣ ደብዳቤ ጻፍልኝ" አልኩት። "በቴሌግራም አይደለም። በወረቀት፣ በእጅህ!"

"ምን ብዬ?"

"ልብህ ያለውን!"

ፍቅር ምን እንደሆነ እንዲገባውም ያንን የኮንቱን መጽሐፍ አዋስኩት። (ይቺን ያዙልኝ።)

ሁለት ሳምንት ዝም አለ። ዛሬ ጠዋት ክሊኒኩ በር ላይ ከባጃጅ ወረደ፣ ፖስታ እጄ ላይ አስቀመጠ፣ ዓይኔን ሳያይ ተመልሶ ሄደ።

ከፈትኩት። ሦስት ገጽ!

"የነፍሴ ንግሥት ሆይ! በረዶ በሸፈነው መስኮትሽ ሥር ቆሜ ስምሽን ስጠራ ብርዱ ይረሳኛል..."

እንባዬ መጣ። ወላሂ መጣ!

በረዶ ግን ከየት? ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። እኔ አልጠየቅኩም። በሸዋ ሮቢት ሙቀት፣ ቬንትሌተር ሥር ተቀምጬ! እኛ ሰፈር በረዶ ያለው ጎረቤት ፍሪጅ ውስጥ ነው።

ደስታውን ብቻዬን አልቻልኩትም። አብረውኝ ካርድ ክፍል የሚሠሩት እትዬ ሞሚና ናቸው፤ በዕድሜ እናቴን ያህላሉ። "እትዬ፣ ስሙኝማ!" ብዬ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። መስኮቱ ክፍት ነው። ውጭ ወረፋ የያዘው ሰው አንድ በአንድ ጆሮውን ቀሰረ።

"...ዙፋን ቢሰጡኝ እንኳ..." ብዬ ትንፋሼን ልሰብስብ ስል፣

"ከደጃፍሽ ድንጋይ አልለውጠውም" አሉ እትዬ ሞሚና፣ ካርድ እየደረደሩ።

"እንዴት አወቁ?!"

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። "ሐያትዬ፣ ይሄ እኮ ያ ቀጣፊ ኮንት የጻፈው ነው። አንዱን ደብዳቤ ለሦስት ሴት የላከው! ባለፈው ወር መጽሐፉን ያዋስሽኝ አንቺ አይደለሽ?"

ወረቀቱን አጠፍኩት።

እሺ፣ እውነቱን ልናገር። ደብዳቤውን አላነበብኩትም። ደብዳቤ ሲመጣ እዘላለሁ። ታሪክ ሲመጣም እዘላለሁ። አብዮቱ ለምን እንደተነሣ እስከ ዛሬ አላውቅም! የማነበው የሚገናኙበትን፣ የሚጣሉበትንና መጨረሻውን ነው።

ከመስኮቱ ውጭ እግራቸውን በፋሻ የታሰሩ አንድ አዛውንት አንገታቸውን አስገቡ። "ታዲያ ሦስቱ ሴቶች ተገናኙ?"

እትዬ ሞሚና ካርዱን አስቀመጡና ከመጀመሪያው ይተርኩላቸው ጀመር። ወረፋው ወደ መስኮቱ ተጠጋ። የሚያሳዝነው፣ ከእኔ ይልቅ እሳቸው አሳምረው ያውቁታል!

እኔ ደሜ ፈላ። በሻይ ሰዓት ባጃጅ ይዤ ሰይድ ጋራዥ ሄድኩ። አራት ገበሬዎች ፓምፓቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። እሱ እስከ ክርኑ ዘይት ሆኖ አንድ ሞተር ፈቷል። ወረቀቱን ፊቱ ላይ ወረወርኩት።

"ሽማግሌህን እንዳትልክ! ለሦስት ሴት የተላከ ደብዳቤ ነው አይደል የላክህልኝ? እኔን አራተኛ ልታደርገኝ?"

"የምን ሴት?"

"የኮንቱ!"

"ኮንቱ ምን አደረገ?" አለኝ። የምሩን ነው። አያውቅም! "እኔ እዚያ ደብዳቤ ላይ ስደርስ አቆምኩ። የመስኖ ጊዜ ነው፣ ፓምፕ በላዬ ላይ ተከምሯል።"

"እና ሰርቀህ ጻፍክ!"

"ምኑን ሰረቅሁ? የራስሽ መጽሐፍ ነው። የምትወጂውን በእጄ ጽፌ ልስጥሽ ብዬ ነው። ገና ስታዪው ታውቂዋለሽ፣ ትስቂያለሽ ብዬ ነበር።" ትንሽ አሰበና፣ "ቆይ... አላነበብሽውም እንዴ?"

አራቱም ገበሬዎች ወደ እኔ ዞሩ።

"ዘልዬው ነው" አልኩ። ድምፄ የትንኝ ሆነ።

"እሷ ደብዳቤውን ዘላለች፣ እሱ መጨረሻውን ትቷል" አሉ ከገበሬዎቹ አንዱ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ። "አንድ መጽሐፍ ለሁለት ያቃታችሁ፣ ትዳር ልትይዙ ነው?"

መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ እወድ ነበር። መሬቱ ግን መስኖ ጠጥቶ ጭቃ ሆኗል፣ አይከፈትም!

"የራስህን ለምን አልጻፍክም?" አልኩት ቀስ ብዬ።

"ጽፌ ነበር። ቀደድኩት። አያምርም።"

"ምን ይላል?"

እጁን በጨርቅ ጠረገ። ገበሬዎቹን አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"አምና ሦስት ጊዜ ክሊኒክ መጥቼ ነበር። ራሴን ያመኛል ብዬ። አላመመኝም። በመስኮቱ 'ስም ማን ልበል?' ስትዪኝ ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው። በሦስተኛው ለወባ ምርመራ ደሜን ቀዱት።"

የወረወርኩትን ወረቀት ከመሬት አነሣሁ።

አስቡት! በአራት የፈረንሳይ መጽሐፍ ውስጥ፣ የሴት ድምፅ ለመስማት ብሎ ሳያመው የተወጋ ኮንት አላጋጠመኝም። ወይ ደግሞ ዘልዬው ይሆናል!

"እና ሽማግሌው ይቅር?" አለ፣ አሁንም ሞተሩን እያየ።

"ላክ" አልኩ።

ልክ ያን ጊዜ አንደኛው ገበሬ ፓምፑን አስነሣ። ሰይድ አልሰማኝም። "ምን አልሽ?" ይላል እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ።

"ላክ!"

"እ?"

"ሽማግሌህን ላክ አልኩህ!!!" ብዬ መንደሩ እስኪሰማ ጮህኩ። ፓምፑ ደግሞ በዚያች ቅጽበት ጠፋ። ገበሬዎቹ አጨበጨቡ። የባጃጁ ሹፌር ክላክስ ነፋ። እኔ የኮንቱ ሙሽራ፣ ፊቴን በሻሽ ሸፍኜ ሮጥኩ።

አሁን ቤት ገብቻለሁ። ሰይድ መጽሐፉን በባጃጅ መልሶልኛል፤ ከገጽ አንድ ጀመርኩት፣ በየመስመሩ። አብዮቱ የተነሣው እኮ ዳቦ ተወዶ ነው አሉ! ይሄን የመሰለ ነገር ነው ስዘል የከረምኩት?

በሉ እናንተም ተናዘዙ፤ አንብቤዋለሁ ብላችሁ የምትምሉበት፣ ግን የዘለላችሁት ምንድን ነው? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ እንጂ! ብቻዬን አታዋርዱኝ።