ከኩላሊቴ በላይ ያለች ነገር

የልደታ ኮንዶሚኒየም ድመቶች ምቾት ይወዳሉ። አልፈርድባቸውም። ንጋት ላይ የሚወዷት መኝታ የጎረቤቴ የጋሽ ሽፈራው መኪና ኮፈን ናት። መኪናዋ ደግሞ እንኳን ድመት ዝንብ ካረፈባት የምትጮህ ጉድ ናት። አላርሟ ኡኡ ሲል እኔ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከአልጋዬ እዘላለሁ። ልቤማ ከእኔ ቀድማ ነው የምትዘለው። ጋሽ ሽፈራውስ? መኝታ ቤታቸው በጓሮ በኩል ነው፤ ለጥ ብለው ይተኛሉ።

እባክዎ ይንቀሉት አልኳቸው። ሌባ ቢመጣስ አሉኝ። ለብሎኩ ኮሚቴ አመልክቼ ነበር፤ ሰብሳቢው ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? ራሳቸው! ሁለት ዓመት ተጨቃጨቅን፤ በመጨረሻ ሰላምታም አቆምን።

ይኼን ሁሉ የምለፈልፈው ወድጄ አይደለም። እንቅልፍ አጣሁ፣ ፊቴ አበጠ፣ ደም ግፊቴ ጨመረ፤ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ዶክተሯ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ልጅ ናት። ጠዋት ደም አስወሰደችኝና የጭንቀት ሆርሞንዎ ከፍ ብሏል አለችኝ። የምን ሆርሞን ነው እሱ ደግሞ?

ታግሣ አስረዳችኝ። አንጎል ሲደነግጥ ከሥሩ ላለች ትንሽ እጢ መልእክት ይልካል። እሷ ኩላሊት አናት ላይ ለተቀመጡ ሁለት እጢዎች ታስተላልፋለች። እነሱ ሆርሞኑን ይለቃሉ። ሆርሞኑ በደም ዞሮ አንጎል ጋ ሲደርስ፣ አንጎል ደርሶኛል፣ በቃ ብሎ ማዘዙን ያቆማል።

እኔ ሃያ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ወዲያው ገባኝ። ለካ ሆርሞኑ ግልባጭ ነው! ሥራው ሲያልቅ ግልባጩ ለአለቃው ይደርሳል፣ አለቃው አይቶ ፋይሉን ይዘጋል። እኛ መሥሪያ ቤት ግን ፋይል ሲዘጋ አይቼ አላውቅም። የኔ ሰውነት ታዲያ ከየት ይማር?

ይህንኑ ብነግራት ዶክተሯ አልሳቀችም። አንዳንዴ እጢዋ ላይ ትንሽ ነገር ይበቅልና በቃ ብትባልም አትሰማም አለችኝ። ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ተረጋግተው ይምጡ፤ ያኔም ካልወረደ ሌላ ምርመራ እናዛለን አለች። ትንሽ ነገር! እናቴንም የገደላት ትንሽ ነገር ነበር። ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ። ፈራሁ፤ በጣም ፈራሁ።

ለማንም አልናገርም ብዬ ማልኩ። የነገርኩት ለእትዬ ዘይነባ ብቻ ነው። እትዬ ዘይነባ ፊት ለፊቴ ያሉ የወሎ ሴት ናቸው፤ ሩህሩህ ናቸው፣ ምስጢር ግን አያድርባቸውም። ከኩላሊት በላይ ያለች እጢ ነበር ያልኳቸው። ወሬው ሁለተኛ ፎቅ ሲደርስ እጢዋ ቀረችና ኩላሊት ብቻ ሆነ። አንደኛ ፎቅ ላይ ሁለቱም ኩላሊቶቼ ሥራ አቆሙ። ግራውንድ፣ ሱቁ ጋ ሲደርስ፣ ኩላሊት ለጋሽ ይፈለግልኝ ጀመር።

ከዚያማ ጠያቂው ጎረፈ። ብርቱካን የያዘ፣ ሙዝ የያዘ፣ ጠበል የያዘ። ሁሉም የሚሉኝ አንድ ነገር ነው፤ አትጨነቂ። እስቲ ሃያ ሰው ተራ በተራ አትጨነቁ ሲላችሁ አስቡት! አንዷማ አክስቷ እንዲሁ ጀምሯት እንዴት እንደሞተች አንድ ሳይቀር ከዘረዘረችልኝ በኋላ፣ አንቺ ግን አትጨነቂ ብላኝ ሄደች። ኧረ ኩላሊቴ ደህና ነው ብል ማን ይስማኝ? እኛን ላለማስጨነቅ እኮ ነው ይባባላሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ፤ ጋሽ ሽፈራው ናቸው። ኮፍያቸውን በእጃቸው ጨምድደው ይዘዋል። ይቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ። ወለሉን እያዩ፣ ደሜ ኦ ነው፣ ለብዙ ሰው ይሆናል ይባላል አሉኝ። አልገባኝም። ከሁለቱ አንዱን ውሰጂ፣ ለልጆቼም ነግሬያቸው ተስማምተዋል አሉኝ።

ሁለት ዓመት ሙሉ በመስኮት የሰደብኳቸው ሰውዬ! ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። እሳቸውም ዓይናቸውን ጠረጉ። ኩላሊቴ ደህና መሆኑን ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ ቃሌ ቃል ነው ብለውኝ ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ይዞኝ ጭልጥ ይል ጀመር። አላርሙ ይጮህ እንደነበር እንኳ የነገሩኝ እትዬ ዘይነባ ናቸው።

በቀጠሮዬ ቀን ደም ሰጠሁ። ውጤቱ እስኪመጣ ወንበሩ ላይ ስንቴ ልደታን እንደጠራኋት እሷ ትወቀው። ዶክተሯ ወረቀቱን አየችና ፈገግ አለች። ወርዷል፣ እጢዎችዎ በቃ ሲባሉ ይሰማሉ አለችኝ። እርስዎ ራስዎ ግን ለሚያስጨንቅዎት ነገር በቃ ማለት ይልመዱ ብላ መከረችኝ። ተመስገን! ልስማት ምንም አልቀረኝም።

እልልታው ደረጃውን ሞላው። ከሁሉም በላይ የተደሰቱት ጋሽ ሽፈራው ናቸው፤ ሁለቱም ኩላሊታቸው ተርፎላቸዋል።

በማግሥቱ ንጋት ላይ አንዷ ድመት ኮፈኑ ላይ ወጣች። ኡኡ! ከአልጋዬ ዘለልኩ። መስኮቱን ከፈትኩ፤ የዶክተሯ ምክር ትዝ አለኝና አፌንም ከፈትኩ። ግን ምን ልበል? ኩላሊቱን ሊሰጠኝ የቆረጠ ሰው ይሰደባል? አፌን ዘጋሁ፤ መስኮቱንም።

እኔ የምለው ግን፣ ኩላሊታቸውን ሳልጠይቃቸው ነው ሊሰጡኝ የመጡት። የጠየቅኳቸው እኮ ያንን አላርም እንዲነቅሉልኝ ብቻ ነበር።